ልጄን ሐሳቡን አስቀይሪልኝ ላሉኝ እናት፣ ለሌሎቻችሁም ወላጆች

ውድ እትዬ፣ እንዲሁም በአሜሪካ ልጆቻችሁን ኮሌጅ የላካችሁ ወላጆች ሁሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

በቅርቡ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአዳራሹ በር ላይ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «አንቺ ነርስ ነሽ አይደል? እስኪ ልጄን አነጋግሪልኝ» አሉኝ። ልጅዎ ሁለተኛ ዓመት ነው። ሜጀሩ፣ ማለትም ዋናው የትምህርት ዘርፉ፣ ባዮሎጂ ነው። እሱ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ማይነሩ፣ ከዋናው ጎን በሚወስደው አነስተኛ ዘርፍ ላይ ነው። «የመካከለኛው ዘመንና የሬኔሳንስ ጥናት» የሚባል ነገር ካልተመዘገብኩ ብሎ ቤቱን በጥብጦታል። እርስዎም እንቅልፍ አጥተዋል። «ሐሳቡን አስቀይሪልኝ፣ አንቺን ይሰማሻል» አሉኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ደውዬ አንድ ሰዓት ያህል አወራን።

ሐሳቡን ግን አላስቀየርኩትም።

ለምን እንደሆነ በር ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም። ደግሞ ጥያቄው የእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ስንት ቤት ውስጥ ይኸው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ነው።

እኔ ራሴ ያንን ማይነር ተምሬያለሁ። ከነርሲንግ ጎን ለጎን። የዛሬ አሥር ዓመት እናቴ ያለችኝ፣ እርስዎ ለልጅዎ ካሉት ጋር አንድ ነው። «የፈረንጅ ንጉሥ ታሪክ ምን ያደርግልሻል? እኛ እዚህ የመጣነው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አባቴ ዝም አለ። እሱ ማታ ማታ ኤርፖርት ይሠራ ነበር። ሲደክመው ዝም ነው የሚለው።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ላቅልል። ማይነር ሜጀርን አይተካም። ለባችለር ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። ማይነር እንደየትምህርት ቤቱ ከ15 እስከ 21 ክሬዲት ነው። አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ኮርስ ማለት ነው። ከእነዚህም ውስጥ አንዳንዶቹ ልጁ የግድ የሚወስዳቸው ናቸው። ከታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከፍልስፍና ተብሎ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ማንኛውንም ተማሪ ያስወስዳል። እኔ ከስድስቱ አራቱን እንደዚያ አድርጌ ነው ለሁለቱም ያስቆጠርኩት። ለቀሩት ሁለቱ አንድ ሰመር ተምሬያለሁ፤ ገንዘቡንም ካፌ ሠርቼ ከፍያለሁ። አልዋሻችሁም፣ ወጪ አለው። ግን ዲግሪዬን አንድ ቀን አላዘገየብኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ትምህርቱ በግምት ከ500 እስከ 1600 ያለውን ዘመን ይይዛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሬኔሳንስ ማለት ህዳሴ ነው። የኛን ግድብ ማለቴ ሳይሆን ጣሊያን ውስጥ ጀምሮ አውሮፓን ያዳረሰውን የዕውቀትና የጥበብ መታደስ ነው። አንድ ክፍል ብቻውን አያስተምረውም። ከታሪክ አንድ መምህር፣ ከሥነ ጥበብ ሌላ፣ ከላቲን ሌላ፣ ከሃይማኖት ጥናት ሌላ ይመጣሉ። የጣሊያኑን ገጣሚ ዳንቴን ታነባላችሁ። የፍሎረንስ ካቴድራል ጉልላት ከ1420 እስከ 1436 ያለ ማዕከላዊ ድጋፍ እንጨት እንዴት እንደቆመ ትማራላችሁ። ጀርመናዊው ጉተንበርግ የመጽሐፍ ማተሚያውን ሲሠራ ምን ከምን እንዳጋጠመ ትማራላችሁ። እኔም እነዚህን ወድጄ ነበር። ግን የሰው አገር ነገር ነው ብዬ ነበር የማዳምጠው።

አንድ ቀን መምህራችን ስለ መጀመሪያዎቹ የታተሙ መጻሕፍት እያስተማሩ አንድ ገጽ በፕሮጀክተር አወጡ። 1513፣ ሮም አሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል ግዕዝ ነው።

ደንግጬ ቀና አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሰው አለ። ያንን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ነው። በግዕዝ ከታተሙት ሁሉ የመጀመሪያው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ቄስ ነው። ሮም ሳለ መነኮሳቶቻችን ሲያዜሙ ሰማ። ድምፁ ማረከው። የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለየ። ሄዶ ከእነሱ ተማረ። ያስተማሩት አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባሉ መነኩሴ ናቸው። የሚገርመው፣ ፖትከን ግዕዙን «ከለዳዊ»፣ የባቢሎን አገር ቋንቋ፣ ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ መጽሐፉም ላይ እንደዚያ ብሎ ጻፈው። አውሮፓ ስለኛ የምታውቀው ያን ያህል ነበር። መነኮሳቱ ግን ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ የራሳቸው ቤት ነበራቸው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ።

ገጹን በስልኬ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት። አባቴ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል። እዚህ አገር ከመጣ ግን ይህ ዕውቀቱ ለምንም አልዋለለትም። ሥራ ሲያመለክት የትም ቦታ አይጻፍም። በእረፍቱ ሰዓት ቮይስ ላከልኝ። የሻንጣ ጋሪ ከኋላው ይንጫጫል። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን…» ብሎ ጀመረ። እኔ የላክሁለት ፎቶ የሚያልቅበትን አልፎ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ወረደው። ከፎቶው እያነበበ አልነበረም። በቃሉ ነው።

ያንን ድምፅ ለመምህሬ አሰማኋቸው። ቁጭ ብለው ሰሙት። ከዚያ «እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰዱንና እውነተኛ የብራና ገጽ አስነኩን። በላቲን የተጻፈ፣ አንድ ነጠላ ቅጠል። ብራና ሁለት ፊት እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት። የጠጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፣ ቀዳዳዎቹም እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ። የሥጋው ወገን ነጣ ብሎ ለስላሳ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ በወስፌ የተወጋ የሚመስል ነጥብ ተሰልፏል። ጸሐፊው መስመሩን ቀጥ አድርጎ የሚያሰምርበት ምልክት ነው። ርእሱ በቀይ ቀለም ነው።

እቤት ስመለስ ቀጥታ ወደ እናቴ ቁም ሳጥን ሄድኩ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ የአያቷ ዳዊት አለ። ከነማኅደሩ። ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ቤት ስኖር ከፍቼው አላውቅም። የሚሳም እንጂ የሚነበብ ነገር አይመስለኝም ነበር። እጄን ስዘረጋ እናቴ ከኋላዬ «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ።

ታጥቤ መጣሁ። ከፈትነው። የጠጉሩ ወገን እዚያም ቢጫ ነው። ነጥቦቹ ዳር ላይ አሉ። መስመሩ በቀለም ሳይሆን በሹል ነገር ተጭኖ የተሰመረ ነው፤ መብራት ስር አዘንበል ስታደርጉት ይታያል። የእመቤታችን ስም በቀይ ነው። ለእናቴ አንድ በአንድ አሳየኋት። የፍየሉን ቆዳ ወጥረው እንዴት እንደሚፍቁት፣ መቃውን እንዴት እንደሚቀርጹት እሷ ደግሞ ነገረችኝ። አያቷ ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጣ ታይ ነበር ለካ። ይህን ነገር በሕይወቷ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ማይነሩ ክፉ ቃል አልወጣትም።

የፈረንጅ ንጉሥ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ መማሩ ነውር የለበትም። ግን አይደለም። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ገብተዋል። አራት ነብር ይዘው። ሲመለሱ የእጅ ባለሙያዎችና ንዋያተ ቅድሳት ይዘው ነበር። በ1441 ኢየሩሳሌም ካለው ገዳማችን የተላኩ መነኮሳት ፍሎረንስ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተገኝተዋል። ፈረንጆቹ በአፈ ታሪክ የሰሙትን ስም ይዘው ንጉሣችሁ «ቄስ ዮሐንስ» እንዴት ነው እያሉ ሲጠይቋቸው፣ እንዲህ የሚባል ንጉሥ የለንም፣ ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው አርመዋቸዋል። በ1445 በተጠናቀቀው የቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ በር ላይ የዚያ ጉባኤ ነገር ተቀርጿል። ከግብፅና ከኢየሩሳሌም የመጡት መነኮሳት እዚያ ላይ አሉ። ሮም የሄደ ሰው ዛሬም ያየዋል።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ ግን የአባ ተስፋ ጽዮን ታሪክ ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው። ገዳማቸው በ1531 በጦርነት ተቃጥሏል። መጻሕፍት ይዘው ሮም ደረሱ። እዚያም በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። መጨረሻው ላይ ለአንባቢ ይቅርታ ይጠይቃሉ። አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ማተም አንችልም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እየተረዳዳን ነው የሠራነውና ስሕተት ብታገኙ አትፍረዱብን ይላሉ።

ይህን ሳነብ ላይብረሪ ውስጥ አለቀስኩ። እኛ እዚህ አገር ስንገባ እኔ አሥር ዓመቴ ነው። ፎርም የምሞላው እኔ ነበርኩ። የቀበሌውን… ማለቴ የማኅበራዊ አገልግሎቱን፣ የኢንሹራንሱን፣ የቤት ኪራዩን። እንግሊዝኛውን አነበዋለሁ ግን ምን እንደሚጠይቅ አይገባኝም። አባቴ ጉዳዩ ይገባዋል ግን ማንበብ አይችልም። ጠረጴዛው ላይ አንገት ለአንገት ገጥመን ነበር የምንሞላው። የሰው አገር ገብቶ እንዲህ እየተረዳዳ የሠራ ሐበሻ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

«እሺ፣ ልብ ይነካል፤ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው። የተማርኩት ነገር እዚያ ረድቶኛል። በ2020 ኮሮና ሲገባ ዎርዳችን ተዘጋ፣ ቤተሰብ መግባት ተከለከለ። እናንተም «ኳራንቲን» ስትሉ ከረማችሁ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከ1347 ጀምሮ ጥቁሩ ሞት አውሮፓን ሲፈጅ፣ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምንላት ከተማ በ1377 አዋጅ አወጣች። ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው ከተማዋ ከመግባቱ በፊት አንድ ወር ለብቻው ይቆያል አለች። ኋላ ቀኑ አርባ ሆነ። አርባ በጣሊያንኛ ኳራንታ ነው። ቬኒስ በ1423 ለበሽተኞች ደሴት ላይ ሆስፒታል ከፈተች። በ1348 ፍሎረንስን ያየው ጣሊያናዊው ጸሐፊ ቦካቾ ደግሞ ሰው ወንድሙን፣ እናትና አባትም ልጃቸውን ጥለው እንደሸሹ ጽፏል። ይህን ስላነበብኩ ያ ሰው ያለ ዘመድ የሚሞትበት ሳምንት ሲመጣ ምን እንደሚጎድል ገብቶኝ ነበር። ታብሌት ይዤ በሽተኛው ጆሮ ላይ እቆማለሁ፣ ልጆቹ ያወሩታል። አንዷን የኛን እናት «አይዞሽ» ሲሏት ሰማች መሰለኝ ጣቴን ጨበጠችኝ። ያንን ማንም አላዘዘኝም። ግማሹን የነርሲንግ ትምህርቴ አስተማረኝ፤ ግማሹን የፍሎረንስ ታሪክ።

የልጅዎም ሜጀር ባዮሎጂ ነው፤ ዶክተር መሆን ይፈልጋል። እንግዲህ በዚያ ማይነር የጥንቱን የፋርስ ሐኪም የኢብን ሲናን የሕክምና መጽሐፍ ያገኛል። በ12ኛው መቶ ዘመን ቶሌዶ ውስጥ ከዐረብኛ ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማሩበት ነው። በ1543 የታተመውን የሐኪሙን የቬሳልየስን የሰውነት አካል ሥዕልም ያያል። ይህን የሚጠላ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ በሙያው ራሱ የኖሩ አሉ። የግዕዝ ሊቁን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸዋላችሁ። በ1975 በደርግ ጊዜ ወታደሮች ሊይዟቸው ሲመጡ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ከዚያ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በምትባል ትንሽ ቦታ፣ አንድ የቤኔዲክት መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀመጡ። ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት እዚያ ነበሩ። እሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ዕድሜ ልካቸውን አነበቧቸው፣ መዘገቧቸው። በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ። በ2021 ዐረፉ። የእሳቸውን ቦታ ማን ይይዛል? ግዕዙን እናንተ ቤት ውስጥ እየሰማ ያደገ፣ ላቲኑን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ ነው የሚያስፈልገው። እንዲህ ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ያህል መጻሕፍት ለንደን ተቀምጠዋል። ሌላም ሌላም ቦታ አለ። ስለ እኛ የሚጽፈው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ብቻ ሲሆን ያመኛል።

ቶሮንቶ ያለው ወገናችን ይህን አስቦበታል። አቤል ተስፋዬ፣ ዘፋኙ ዘ ዊክንድ፣ በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ 50 ሺህ ዶላር ሰጠ፤ በ2017 ግዕዝ እዚያ መሰጠት ጀመረ። እዚሁ ቅርባችን ባልቲሞር ዎልተርስ ሙዚየም የኛ መስቀልና ሥዕል አለ። በ2023 መጨረሻ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ከአንድ ሥዕል ፊት አልላቀቅ አለችኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ልጄ እምነቷን ትቀይራለች» ብላችሁ እንደምትሰጉ ሰምቻለሁ። የኔ ተቃራኒው ነው የሆነው። ሊቀ ጳጳስና ጉባኤ፣ ጾምና ንስሐ ስለሚባለው ነገር ለክፍል ጓደኞቼ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ለማስረዳት ደግሞ ራሴ ማወቅ ነበረብኝ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት መመለስ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሙስሊም ወገኖቼም ይህ የኛ አይደለም አትበሉ። ኮርዶባና ካይሮ በዚያው ትምህርት ውስጥ ናቸው። ሐረር ውስጥ ያሉትን የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች የሚያነብ የኛ ልጅ እንደ ግዕዙ ሁሉ ያስፈልጋል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እሱንም አልደብቅም። የኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ መምህር የመጨረሻ ጽሑፌን ስለ አባ ተስፋ ጽዮን ልጻፍ ብላቸው «ይህ ከኮርሱ ውጭ ነው» አሉኝ። ሮም ውስጥ፣ በሬኔሳንስ መሐል የታተመ መጽሐፍ ከሬኔሳንስ ኮርስ ውጭ ነው ተባልኩ። ሁለት ሳምንት ተከራክሬ ጻፍኩት። ብዙ ቦታ አሁንም አውሮፓን ብቻ ነው የሚያስተምሩት። ግን ያ ክርክር እንዲነሣ ክፍሉ ውስጥ የኛ ልጅ መቀመጥ አለበት። ከውጭ ሆኖ የሚከራከርለት የለም።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ፣ እምቢ ከማለት በፊት ወደ አድቫይዘራቸው፣ ኮርስ ወደሚያማክራቸው ሰው፣ ላኳቸው። የትኞቹ ኮርሶች ለሁለቱም ይቆጠራሉ ብለው ይጠይቁ። የቋንቋ ግዴታ ካለ በላቲን ፋንታ ግዕዝ ወይም ዐረብኛ ይቀበላሉ ወይ ይበሉ። ስኮላርሺፕ ካላቸው ትርፍ ክሬዲት እንዳይነካባቸው ያጣሩ። ከምረቃ የሚያዘገይ ከሆነ እኔም ራሴ ተው እላለሁ።

እትዬ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ልጅዎ በስልክ ስናወራ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «የአባቴ አጎት መሪጌታ ነበሩ ይላሉ፣ የጻፉት ነገር እቤት ይኖር ይሆን?» አለኝ። እናትህን ጠይቅ አልኩት። ፈራሁ አለኝ። ቅር ይላታል ብሎ ነው።

ካለ ያውርዱለት። እጁን አስታጥበው ይስጡት። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ ከፈለጉ እኔም እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ